የማይሳሳት እጅ

ዘሊካ ጀማለዲን ከሰል ነጋዴ ናት። ከየካ ሚካኤል ቁልቁል ሲወረድ፣ ባሕር ዛፉ አልቆ ቤቶቹ በሚጀምሩበት ቦታ፣ በስተግራ ያለው ጥቁር በር የእሷ ነው፤ ቀለም ተቀብቶ የጠቆረ እንዳይመስላችሁ። ከሰል አሥራ ስምንት ዓመት ሸጣለች። ጆንያውን ሳትፈታ በእጇ ጫን ጫን አድርጋ ብቻ የግራር ይሁን የባሕር ዛፍ፣ በደንብ የከሰለ ይሁን ጥሬ፣ ትነግራችኋለች። ደንበኛዋንም ሳትመክር አትሸኝም፦ «ደጅ አቀጣጥዪው፤ ጭሱ ሳይወጣለት ቤት እንዳታስገቢው፤ ስትተኚ አውጪው፣ እሺ?» ሰፈርተኛው ምክሯን በቃሉ ስለሚያውቀው፣ ገና አፏን ስትከፍት «እሺ ዘሊካ፣ እሺ፣ ሰምተናል» እያለ ይሄዳል። እንግዲህ ይህቺው ዘሊካ ናት በሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ሐምሌ በገባ በሳምንቱ፣ አንድያ ወንድሟ ላይ ከሰል ለኩሳ በር ዘግታበት ያደረችው። ኧረ ጉድ በሉ!

ሞኝ ሆና አይደለም፤ ፈርታ ነው። ያን ክረምት ያልፈራ ማን ነበር? የሰሜኑ ጦርነት ሰው አልበቃው ብሎ፣ ለየቀበሌው ኮታ ተቆርጦ፣ ወጣት የተባለ ሁሉ ከመንገድ ይታፈስ ነበር። መገናኛ ላይ ታክሲ አስቁመው ወንድ ወንዱን ያወርዳሉ። ወንድሟ ነጅመዲን የሚሠራበት ሲግናል ያለው ጎሚስታ ቤት ድረስ መጥተው፣ መኪናው ገና ክሪክ ላይ እንዳለ፣ ሁለት ባልደረቦቹን ጭነው ሄደዋል። እሱ የዚያን ቀን የተረፈው ምሳውን ሊበላ ቤት ወጥቶ ስለነበር ነው። ዕድሜው ሃያ፣ ጤናው የተሟላ፣ ትከሻው ሰፊ፤ ወታደር ፈላጊ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

አባታቸው የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። እሳቸው ሲሞቱ ነጅመዲን የሁለት ዓመት ሕፃን፣ ዘሊካ የአሥራ ስምንት ዓመት ኮረዳ ነበረች፤ እናታቸው ቀድማ አልፋለች። ዘሊካ እናትም አባትም ሆና አሳደገችው። ባል ያላገባችውም በእሱ ሰበብ ነው ይላሉ። «የኔ የምለው እሱን ብቻ ነው፤ እሱን አልሰጥም» አለችና ከጓሮ ባለው የከሰል መጋዘን ውስጥ ደበቀችው።

መጋዘኑ የጣውላ ነው፤ ግድግዳው ሁሉ ክፍተት። የየካን የሐምሌ ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከእንጦጦ ላይ ሲወርድ አጥንት ውስጥ ነው የሚገባው። በአራተኛው ቀን ልጁ ጥርሱ መንቀጫቀጭ ሲጀምር ከሰል ልታቀጣጥልለት ወሰነች። ደጅ እንዳታቀጣጥለው፣ በዳዳ የሚባለው የቀበሌ ጥበቃ በአጥሩ በኩል ማምሻውን ሁለት ጊዜ ብቅ ብሎ ሄዷል፤ «እሳቱ ለማን ነው?» ቢላት ምን ልትል ነው? እዚያው ውስጥ ለኮሰችው። ሲግም ጊዜ ቀይ ብርሃኑ በጣውላው ክፍተት ወደ ውጭ ወጣ። ጨርቅ አመጣች፣ ጆንያ ቀደደች፣ ጭቃ አቦካች፤ አንዲት ቀዳዳ ሳታስቀር ደፈነች። ዞራ ከውጭ አየችው፤ ምንም አይታይም። «አልሃምዱሊላህ» ብላ ገብታ ተኛች።

ጠዋት በሩን ስትከፍት ነጅመዲን ከማንደጃው አጠገብ ተዘርግቷል። ፊቱ ቀላ ስላለ በእንቅልፍ ላይ ያለ መስሏት ጠራችው። አልመለሰም። በብብቱ ይዛ እየጎተተች ዝናብ ላይ አወጣችውና ጮኸች። ጎረቤቷ ጫልቱ ነጠላዋን እንኳ ሳታደርግ ሮጣ መጣች። ጫልቱ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ጴንጤ ናት ተብላ ሁለት ጊዜ ታስራ የተፈታች፣ ደግ ሴት። ጆሮዋን ደረቱ ላይ አድርጋ «ይተነፍሳል! ዘሊካ ተነሺ፣ ታክሲ ጥሪ!» አለች። ዘሊካ ግን ከጭቃው ላይ መነሳት አቅቷት ታክሲውንም የጠራችው ጫልቱ ነበረች።

አራት ቀን ሙሉ ራሱን አያውቅም። በአምስተኛው ቀን ዓይኑን ገለጠ። ዘሊካ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብላለች።

«እትዬ የታለች?» አለ፣ እሷኑ እያየ።

«ይኸው እዚሁ ነኝ፣ ነጅሜ!»

ድምፅዋን ሲሰማ ደነገጠ። እጁን ሰዶ ጉንጯን፣ አፍንጫዋን፣ አገጯን ዳሰሰ፤ ያኔ ነው «እውነትም አንቺ ነሽ» ብሎ ማልቀስ የጀመረው። «ብርሃኑ ይታየኛል እትዬ። የሻርፕሽ ቢጫ ይታየኛል። የሆነ ነገር ፊቴ እንዳለ ይታየኛል። ምን እንደሆነ ነው የማላውቀው። አንቺን እንኳ… አንቺ ሰው መሆንሽን እንኳ ስትናገሪ ነው ያወቅሁት።»

ወይኔ አለች በሆዷ። በገዛ እጄ አሳወርኩት።

የመረመሩት ሐኪም ዶክተር ሠረቀብርሃን ይባላሉ፤ ረጋ ያሉ፣ ድምፃቸው ከአፋቸው በግድ የሚወጣ ሽማግሌ። ብዕራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ፊቱ ላይ ያዙለት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሰማያዊ ነገር።»

«ቆሟል ወይስ ተጋድሟል?»

ነጅመዲን ግንባሩን ቋጠረ። «እንጃ። የተጋደመ ይመስለኛል።»

ብዕሩ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። ዘሊካ አፏን በሻርፗ ያዘች።

«በል እንካ፣ ተቀበለኝ» አሉት ዶክተሩ።

እጁ ሄደ። አልተርበተበተም፣ አልደባበሰም፤ ገና በአየር ላይ ሳለ አንጓው ዞር፣ ጣቶቹ በብዕሩ ልክ ጠበብ አሉና ለቀም አደረገው። ዶክተሩ ቀና ብለው አዩት። ብዕሩን ወስደው አግድመው ያዙት፤ እጁም አብሮ ተጋድሞ መጣ። ብርጭቆ ሰጡት፤ ጣቶቹ በብርጭቆው ስፋት ተከፈቱ። የክኒን ብልቃጥ ሰጡት፤ በሁለት ጣቱ አነሳት። «አሁን ምን ያዝክ?» ሲሉት ግን አገላብጦ እስኪዳስሰው ድረስ አያውቀውም። ዶክተሩ ከዚያ በኋላ አንድ ሌላ ነገር ሞከሩ። ብርጭቆውን አሳዩትና ዓይኑን አስጨፈኑት፤ በጣታቸው እስከ አምስት ቆጠሩና «አሁን ውሰድ» አሉት። ብርጭቆው ከቦታው ንቅንቅ አላለም። እጁ ግን አየር ጨበጠ፤ ከዚያ ብርጭቆውን በክርኑ ገፍቶ ጣለው።

ዶክተሩ ብርጭቆውን አንስተው መለሱ። ከዚያ ዘሊካን ወደ ኮሪደሩ ወሰዷት።

«እህቴ፣ እንዲህ ያለ ነገር በመጽሐፍም አላነበብኩ፣ በሰውም አላየሁ» አሏት። «እንዲያው ሳስበው፣ ዓይን ያየውን ይዞ አንጎል ውስጥ የሚገባው መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። አንደኛው ‘ይህ ብርጭቆ ነው፣ ይህቺ እህቴ ናት’ ብሎ ለሰውየው የሚነግረው ነው። ጭሱ ያቃጠለው እሱን ነው። ሌላኛው ስምም መልክም አያውቅም። የት ጋ ነው፣ ምን ያህል ይሰፋል፣ በየት በኩል ይያዛል፣ ይህንን ብቻ ለእጅ ይነግራል። እሱ ተርፏል። ግን ትዝታ የለውም፤ ያየውን እዚያው ካልያዘ ይጠፋበታል።»

«ታዲያ ያያል ማለት አይደል ዶክተር?»

«እጁ ያያል። እሱ አያይም።»

ዘሊካ ሊገባት የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ለውትድርና ይወስዱታል?»

ዶክተሩ ገብተው በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፉ፤ ማኅተም አደረጉ፤ ኤንቨሎፑን አሸጉ። ለኮሚቴ የሚሄድ የሐኪም ወረቀት ታሽጎ ነው የሚሰጠው፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። «ያለውን እንዳለ ጽፌዋለሁ» አሏት ሲሰጧት። «እናንተም ያለውን እንዳለ አሳዩ። ምንም አትጨምሩበት።»

«እሺ ዶክተር፣ አላህ ይስጥልን» አለች። ኤንቨሎፑን በጡቷ መሃል ከተተችው።

ቤት ገቡ። ነጅመዲን ስኳር ብሎ ጨው ይጨምራል፤ ድመቷን ጨርቅ መስላው ሊያነሳት ሲል ትቧጭረዋለች። እጁ ግን አንድም ቀን አይስትም። የበሩን መዝጊያ ሄዶ ይይዛል፤ በር መሆኑን የሚያውቀው ከያዘው በኋላ ነው። ጫልቱ ሳትናገር ከገባች ማን እንደገባ አያውቅም፤ እጅዋን ከጨበጠ ግን ወዲያው «ጫልቱ» ይላል። ዘሊካ ማታ ማታ ትነፋረቃለች፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ በሆዷ ትጽናናለች። ዕውር ይሁን፤ ይሁን! ዕውርን ማን ጦር ሜዳ ይወስዳል? እጄ ላይ እስካለ ድረስ አጎርሰዋለሁ።

ይህ ምቾቷ ሁለት ሳምንት እንኳ አልቆየም። አንድ ቀን በዳዳ የስብሰባ ጥሪ ሊናገር ብሎ ገባ። ወሬውን ሰምቶ ኖሮ ነጅመዲንን ከእግር እስከ ራሱ እያየ «እግዜር ይማርህ ወንድሜ፤ ጭራሽ አይታይህም?» አለው። ዘሊካ ሻይ ልትሰጠው ብርጭቆውን ከሰል መመዘኛው ጠርዝ ላይ አስቀመጠች። ጆንያ ስትገፋ ሚዛኑ ተነቃነቀና ብርጭቆው ተንሸራተተ። መሬት አልደረሰም። ነጅመዲን ከተቀመጠበት እጁን ወርወር አድርጎ ከአየር ላይ ቀለበው፤ ሻዩ እንኳ ግማሹ አልፈሰሰም።

«አይ ነጅሜ!» አለ በዳዳ ሳቅ ብሎ። «እኔ ደግሞ ዕውር ሆነ ሲሉኝ አዝኜልህ ነበር እኮ።»

ዘሊካ «እንደ አጋጣሚ ነው፣ እንደ አጋጣሚ ነው እኮ» አለች። በዳዳ ሻዩን እስከ መጨረሻው ጠጥቶ፣ አመስግኖ ወጣ። በሦስተኛው ቀን መጥሪያ መጣ፤ ነጅመዲን ጀማለዲን ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ቀበሌው አዳራሽ እንዲቀርብ የሚል።

ያን ጊዜ ነው ዘሊካ የማይደረገውን ያደረገችው። ዶክተሩ እስከ አምስት ቆጥረው ያደረጉት ነገር ከአእምሮዋ አልወጣም ነበር። ወንድሟን ፊቷ አስቀመጠችው።

«ስማኝ፣ ነጅሜ። ዕቃ ሲሰጡህ እጅህ እንዳይሄድ። መጀመሪያ ዓይንህን ጨፍን። አምስት ቁጠር። ከዚያ ስደደው።»

«ለምን?»

«ትስታለሃ! ሲያዩህ ዕውር ትመስላለህ።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ እውነትም አይታየኝም! እውነተኛውን ነገር ትቼ ለምን አስመስላለሁ?»

«እውነትህን ማን ያምንሃል? እኔ እህትህ እንኳ እጅህን ሳይ እጠረጥርሃለሁ!»

 ደህና አድርጎ ነው የከፋው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጫልቱም ሰምታ ተቆጣች፦ «ሐኪሙ ምን አሉሽ ዘሊካ? ያለውን እንዳለ አላሉሽም? እኔ ሁለት ጊዜ ሲይዙኝ አንድም ቃል አልዋሸሁም፤ ይኸው ወጥቻለሁ።» ዘሊካ እጇን አወናጨፈች። «አንቺ ሴት ነሽ፤ አንቺን ግንባር አይልኩሽም! ለቀበሌ ደግሞ እውነት! እውነት ብናገር ነው እንግዲህ ያ ሊቀመንበር ጎበና ልጄን የሚምርልኝ?» ስትቆጣ ወንድሟን «ልጄ» ትለዋለች። ሦስት ቀን ሙሉ አስለማመደችው። ብርጭቆ፣ ማንኪያ፣ ቁልፍ፣ ከሰል፤ ጨፍን፣ ቁጠር፣ ስደድ። እጁ በሳተ ቁጥር «ጎበዝ!» ትለዋለች። ሰው ወንድሙ ሲስትለት እንዲህ ይደሰታል? እሷ ተደሰተች።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ጎበና ጩኸታም ሰው ቢሆን ይሻል ነበር። ጩኸታም አልነበረም። አስተማሪ ነበር፤ እንግሊዝኛ ያነባል፤ ሰው ሲናገር ጎንበስ ብሎ ያዳምጣል። ጉቦ አይቀበልም። የመጀመሪያው ዙር ላይ የገዛ ልጁን ከሁሉ ቀድሞ መዝግቦ ልኳል፤ ከልጁ ደብዳቤ መምጣት ካቆመ ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል። እንዲህ ያለውን ሰው በምን ትለምኑታላችሁ? ያን ሐሙስ ከኮታው የጎደለው አንድ ሰው ነበር። አዳራሹ ውስጥ እሱና አንድ ጸሐፊ ብቻ ተቀምጠዋል፤ በዳዳ በሩ ጋ ቆሟል።

ጎበና ኤንቨሎፑን ተቀብሎ ቀደደው። ቀስ ብሎ አነበበው፤ ሲጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው አነበበው። ወረቀቱን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ዘሊካ ፊቱን ብታይ፣ ብታይ፣ ምንም ልታነብበት አልቻለችም።

«ወንድሜ፣ ብርድ ነው፤ ሻይ ጠጣ» አለና የራሱን ብርጭቆ ወደ ነጅመዲን አስጠጋ።

ነጅመዲን ዓይኑን ጨፈነ። ዘሊካ በልቧ አብራ ቆጠረች። በአምስት እጁን ሰደደ፤ ሳተ፤ ብርጭቆው ተገልብጦ ሻዩ በጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ጎበና መሐረቡን አውጥቶ ጠረገ። ብዕር ሰጠው፤ ነጅመዲን ጨፈነ፣ ቆጠረ፣ አየር ጨበጠ። የጠረጴዛ ማኅተም ሰጠው፤ እንደዚያው። ዘሊካ ጀርባዋ በላብ ቢርስም ልቧ ሊዘል ደርሷል፤ አለፈ፣ አለፈ አላህ ሆይ!

«ይበቃል» አለ ጎበና። «ለምን አደክመዋለሁ።» አንድ ቅጽ ላይ ጫር ጫር አድርጎ ለነጅመዲን በእጁ አስያዘው። «ይህን ይዘህ ውጣ። በሩ አጠገብ ቀዩ ሣጥን ውስጥ ትከተዋለህ፤ መዝገብ ክፍል ከዚያ ያነሳዋል። ከዚያ በሰላም ወደ ቤትህ።»

ነጅመዲን ፊቱ ሁሉ በራ። ብድግ አለ። ፈተናው አልቋላ! ቀይ ይታየዋል፤ ወደ ቀዩ ሄደ። ሣጥኑን የሠራው አናጢ ቀዳዳውን ሰያፍ አድርጎ ነው የበሳው፤ ሰፈርተኛው ሁሉ ወረቀት ሲከት ሁለት ሦስቴ ጠርዙን እየመታ ነው የሚያስገባው። ነጅመዲን ገና አንድ እርምጃ ሲቀረው አንጓው ዞር አለ፤ ወረቀቱ በቀዳዳው ሰያፍ ልክ ዘንበል አለ፤ ጠርዝ ሳይነካ፣ ሳይቆም፣ ሰተት ብሎ ገባ።

ዘሊካ አየችው። ገና ወረቀቱ እጁ ላይ ሳለ፣ አንጓው ዞር ሲል ነው ያየችው፤ ልትጠራው ብድግ ስትል ወረቀቱ ገብቶ አልቋል።

«ተመለስ ወንድሜ» አለ ጎበና። አልጮኸም። የሐኪሙን ወረቀት ገልብጦ አነሳና ለዘሊካ እየተረጎመ አነበበላት። «‘ታማሚው ያየውን ዕቃ ለይቶ መናገር አይችልም። ይሁን እንጂ ዕቃው ሲቀርብለት ያለ አንዳች ስህተት በእጁ ይይዛል። የሚያየው ሰው ታማሚው እያታለለ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ ማታለል አይደለም፤ በሽታው ራሱ ይህ ነው።’ እንዲህ ይላል። ፊርማም ማኅተምም አለው። ብርጭቆውን የሰጠሁት ለዚህ ነበር። እንደ ተጻፈው አድርጎ ቢያነሳው፣ እኔ ባይገባኝም ሐኪሙን አምኜ አሰናብተው ነበር። እናንተ ግን ከወረቀቱ ውጭ የሆነ ሌላ በሽታ ይዛችሁልኝ መጣችሁ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። «እኔ ነኝ!» አለች፤ ተንበረከከች። «እኔ ነኝ ያስተማርኩት፣ ጓድ ሊቀመንበር! ጨፍን፣ ቁጠር ያልኩት እኔ ነኝ! እሱ አልፈልግም ብሎኝ ነበር። ሐኪሙ ያሉት እውነት ነው፤ ወላሂ እውነት ነው!»

«ሰማህ?» አለ ጎበና ለጸሐፊው። «ጻፈው። ማታለሉን ቤተሰብ አምኗል።»

«ኧረ በፈጠራችሁ! ሰው እኮ አይለይም! እኔን አሳዳጊውን አይለየኝም። ወዳጁን ከጠላቱ ሳይለይ መሣሪያ አስይዛችሁት በማን ላይ ሊተኩስ ነው?»

 ጎበና መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አጠለቀው። «እዚያ ፊት የሚለይ የለም፣ ዘሊካ» አላት በመጨረሻ። «መያዝ ከቻለ ይበቃል።»

በዳዳ ነጅመዲንን በክንዱ ይዞት ወጣ።

ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ የመጋዘን ግቢ እሱንና ሌሎቹን ምልምሎች አስገቧቸው። ዘሊካ ሐሙስን ከበሩ ሳትንቀሳቀስ ዋለች፤ ዓርብንም እንደዚያው። «ነጅሜ! ነጅመዲን!» እያለች በአጥሩ ላይ ጮኸች። ዘበኞቹ ገፈተሯት፣ ተመልሳ መጣች፣ ደግማ ጮኸች። እጮሃለሁ፣ ድምፄን ከሰማ ብቻውን እንዳልሆነ ያውቃል ብላ ነው። ዓርብ ሲመሽ ድምፅዋ ተቆርጦ ጉሮሮዋ ሲር ሲር ከማለት በቀር ምንም የማያወጣ ሆነ። ቅዳሜ ማለዳ ጭነው እንደሚሄዱ ሰምታ ሹራቡን፣ ዳቦና ቆሎ በሻሽ ቋጠረችለት። ጫልቱ ተረኛ ስለነበረች ብቻዋን ሄደች።

ዝናቡ አላባራም። በሩ ፊት የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ጥቁር ላስቲክ ተከናንቧል፤ እሷም ተከናንባለች። ለሽኝት የመጣ የኪነት ቡድን ሸራ ተወጥሮለት በድምፅ ማጉያ ይዘፍናል። በሩ ተከፈተና መኪኖቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ ሰው እየገፋ ጎን ጎናቸውን ሲይዝ ቆም አሉ። ነጅመዲን ሁለተኛው ላይ ነው። ራሱን ላጭተውታል። የመኪናውን ጠርዝ ይዞ ቆሞ ሰዉን ያያል፤ ዓይኑ ከጥቁሩ ወደ ጥቁሩ ይሄዳል፣ ይመለሳል።

ዘሊካ ተጋፍታ ከሥሩ ደረሰች። «ነጅሜ! እኔ ነኝ!» አለች። የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። አጠገቧ የቆመችውን ሴት «ጥሪልኝ፣ ነጅመዲን በይልኝ» ልትላት ክንዷን ያዘች፤ ሴትዮዋ ግን የራሷን ልጅ ስም እየጮኸች ስለሆነ አልሰማቻትም። የነጅመዲን ዓይን ወርዶ ዘሊካ ላይ አረፈ። አየት አደረጋትና አለፋት።

ቋጠሮውን ከፍ አድርጋ ወደ ላይ ዘረጋችለት። ይንካኝ፣ እጄን ይንካኝ፣ ከነካኝ ያውቀኛል፤ በልቧ የምትለው ይህንን ብቻ ነበር። እንዲያ ሦስት ቀን ሙሉ ያስተማረችውን ስህተት አሁን ለመነችው፤ ጣት የምታህል ቢስት ይበቃት ነበር። እጁ በዝናቡ መሃል ወረደ። ገና ሳይደርስ ጣቶቹ በቋጠሮው ልክ ተከፈቱ፤ አንጓው ዞር አለ፤ ከጣቶቿ በላይ፣ ጫፉ ላይ ለቀም አድርጎ ወሰደው። ቆዳዋን አልነካም።

ጎንበስ አለና ለማያውቋት ደግ ሴት እንደሚባለው አላት፦

«አላህ ይስጥልኝ፣ እናቴ። ዘሊካ የምትባል እህት አለችኝ፤ ድምፅዋን አጣሁት፣ ሳትመጣ አልቀረችም። ካገኘሻት ደህና ነው በያት፤ አልተቀየምኳትም በይልኝ።»

ዘሊካ እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀችለት። መኪናው ተነሳ።